ከቦሌ አስመራ ደርሶ መልስ

የቃል ሰጪ ስም፦ ወ/ሮ ውብነሽ ግዛው
ዕድሜ፦ 29
ሥራ፦ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ንፋስ ስልክ፣ ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ ዳር
ቀን፦ ጥር 16 ቀን 1976 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበሉት፦ የመቶ አለቃ ሙሉሰው ዳኜ

በሌላ ሰው ስም በአውሮፕላን ተሳፍረሻል ተብዬ ስጠየቅ የሰጠሁት ቃል የሚከተለው ነው።

ባለቤቴ ሮበሌ ቱሉ የፉሪ ተወላጅ ሲሆን፣ በጦሩ ውስጥ መካኒክ ሆኖ አስመራ ከተመደበ ሦስት ዓመት አልፎታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ወደ ቤቱ የሚመጣበት ፈቃድ አላገኘም። እኔም የይለፍ ወረቀት ደጋግሜ ጠይቄ ተከልክያለሁ። ጎረቤቴ ወ/ሮ ሸዋረገድ መኩሪያ አስመራ ያለ ወንድሟን ለመጠየቅ ይለፍና የደርሶ መልስ ቲኬት ከያዘች በኋላ፣ ልጇ ኩፍኝ ስለወጣበት ጉዞዋን ተወች። አውሮፕላኑ ከተነሳ በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ውስጥ አስመራ እንደሚደርስ፣ እዚያም አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ እንደሚመለስ የነገረችኝ እሷ ናት። እኔ ከቤቴ ፒያሳ በአውቶቡስ ደርሼ ለመመለስ እንኳ ከዚህ በረራ የበለጠ ጊዜ ይፈጅብኛል። ስለዚህ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳልወጣ ባሌን አይቼ በዚያው ልመለስ ብዬ ለመንኳት። እሷም "በስሜ ሄደሽ በስሜ ካልተመለስሽ የምጠፋው እኔ ነኝ" አለችኝ። እንደምመለስ ቃል ገባሁላት። ለሮበሌም በስልክ መልእክት አስተላለፍኩ።

ጥር 14 ቀን በጧት ቦሌ ተገኘሁ። ሆኖም አስመራ ላይ ጉም ወርዷል ተብሎ በረራው እስከ ቀትር ዘገየ። ከተነሳን በኋላ ጉዞው እንደተባለው አጭር ነበር፤ የምነግረውን ሁሉ በልቤ ደርድሬ ሳልጨርስ ደረስን። ስንወርድ ግን ሰዓት ስላለፈ ተመላሾች ወዲያው እንዲሰለፉ ተነገረ።

ሮበሌ የመንገደኞች መውጫ በር ላይ ቆሞ ነበር። የተፈቀደለት እስከ ቀትር ብቻ ቢሆንም አልሄደም። ከስቷል፤ ጸጉሩም መሸበት ጀምሯል። ያሰብኩት ሁሉ ጠፍቶኝ ምሳ በልቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። እሱም እጄን ይዞ ቆየ። ሰልፉ ሊያልቅ ሲል፣ "ቅሪ" አለኝ።

መቅረት ፈልጌ ነበር። ነገር ግን የሸዋረገድን ነገር፣ የልጇንም መታመም ነገርኩት። እጄን የለቀቀው እሱ ነው።

ቦሌ ስመለስ ወረቀቱን ያየው ፈታሽ ሸዋረገድን በመልክ የሚያውቃት ስለነበር ተያዝኩ። እሷ ይህን ያደረገችው ስለለመንኳት እንጂ ለጥቅም አይደለም። ጥፋት ካለ በእኔ ላይ ብቻ እንዲሆን አመለክታለሁ።

ይህ ቃል በመርማሪው ተነቦልኝ አዳምጫለሁ። "ያለ በቂ ምክንያት ተጉዣለሁ" የሚለውን አልተቀበልኩም። መርማሪው ጥቂት አስበው ሰረዙትና "ባሌን ለማየት ተጉዣለሁ" ብለው ጻፉ። አሁን ሁሉም እውነት ስለሆነ ፈርሜያለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ ____________
የመርማሪ ፊርማ ____________