ሳንቲም የገባባት አሳማ

የሆላንድ ሸክላ ሠሪዎች በእጃቸው የሚሠሯቸውን የሳንቲም ማጠራቀሚያ አሳማዎች እሰበስባለሁ። መክፈቻ የላቸውም፤ የገባውን ለማውጣት መስበር ነው፤ ስለዚህ ምንም ከትቼባቸው አላውቅም። ባለፈው የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ እትዬ ጥሩወርቅ ቁልፍ ጠፍቶባቸው፣ ልጃቸው እስኪመጣ እኔ ጋ ገቡ። ላስ ቬጋስ ከመጣሁ ቤቴ የገባ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። መደርደሪያውን ሲያዩ አማተቡ። "አሳማ! ያውም በሁዳዴ!"

"ሸክላ እኮ ነው፣ እትዬ።"

"ይሁን። እኔ ባዶ እጄን ሰው ቤት አልገባም" ብለው ትልቋ ውስጥ ሳንቲም ጣል! "ኧረ ምን አደረጉ!" ብዬ ጮህኩባቸው። ደነገጡ፤ ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጡም።

አሁን ከሺፍት ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ አሳማዋን ነቅነቅ አደርጋታለሁ። ሳንቲሟ ኳ ስትል፣ በሬን ሰው ያንኳኳ ይመስለኛል።