የእበት እሳት

ወገዳ በምትባል የገጠር ቀበሌ አስተማሪ ሳለሁ ከእበት የማብሰያ ጋዝ የሚያወጣ ጉድጓድ አስቆፍሬ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር «የመንደሩ ሴቶች በዚህ ጋዝ የበሰለ ካልበሉ ጉድጓዱን እናስደፍነዋለን» አለኝ። በጋዙ ሽሮ ሠርቼ ጎረቤቶቼን ብጠራ ሁሉም እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

«በእበት እሳት የበሰለ አይበላም» አሉ እማማ ጥሩነሽ።

«እርስዎስ ቤት በምን ያበስላሉ?»

«በኩበት።»

«ኩበት እበት አይደለም?»

«እሱንማ ፀሐይ አይቶታል፣ ልጄ። ያንቺ ከጉድጓድ የወጣ ነው።»

ንዴቴን ውጬ የጋዝ ምድጃውን ከነጎማ ቱቦው ደጅ ፀሐይ ላይ አወጣሁና ሌላ ሽሮ ጣድሁ። ድስቱን ጠርገው በሉት፤ ሊያይ ለመጣው ሊቀ መንበር እንኳ አልተረፈም። እማማ ጥሩነሽ ጣታቸውን እየላሱ «ለክረምቱስ ፀሐይ ከየት ታመጫለሽ?» አሉኝ።