አርባ ሦስት ስሞች

አባቶቼ ካህናት፣ የቀሲስ ባለቤት ወይዘሮ እናትዓለም ከነልጆችዎ፣ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ወገኖቼ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። በዚህ ቦታ ለመቆም ከሁላችሁ ይልቅ የማይገባኝ እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ በቅደም ተከተል እናገራለሁ። ታገሡኝ።

የቀሲስ ጥዑመ ልሳን የሕይወት ታሪክ ይኸው። ትውልዳቸው አለ። ትምህርታቸው አለ። በዚህ አጥቢያ ሃያ ሁለት ዓመት መቀደሳቸው አለ። ከዚያ «ለአንድ ዓመት መሸንቲ አጠገብ ወዳለ ደብር ተዛውረው አገለገሉ» ይላል። ለምን ተዛወሩ? ወረቀቱ ዝም ይላል። ወረቀቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ዝም ያልሁትም እኔ ነኝ።

ያንን በር ተመልከቱ። ከበሩ ውጭ፣ በሐይቁ በኩል ያሉትን ድንጋዮች ተመልከቱ። አንድ እሑድ ቅዳሴው አልቆ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ሲል የፋብሪካ ልጆች ደረሱ።

«አሁን ነው የሚመጣው?» አሏቸው አባ።

ብሩክ የሚባለው «የሌሊት ሽፍት ነበርን፣ አባ» አለ።

«እኛስ? ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምረን ቆመን! እናንተስ ማሽን ትደገፋላችሁ፤ እኛ ያለን መቋሚያ ብቻ ነው።»

ልጆቹ ሳቁ። አባም ድንጋይ ላይ ተቀመጡና የዕለቱን ወንጌል እንደገና፣ በአማርኛ፣ እንደ ጨዋታ ነገሯቸው።

በሚቀጥለው እሑድ የኮሌጅ ተማሪዎች ተጨመሩ። ሱሪ ለብሳ ከበር የተመለሰች ልጅም እዚያው ተቀመጠች፤ ወለላ ትባላለች። «እውነቱን ልንገርዎ፣ ግዕዙ አይገባኝም፤ ቆሜ ስልኬን ነው የማየው» አለች። እኛ ሽማግሌዎቹ ደነገጥን። አባ ግን «እስቲ አሳዪኝ፣ ምን አለበት?» አሏት። በሳምንቱ ከዚያው ስልክ የቅዳሴውን ትርጉም ለጓደኞቿ ታነብ ነበር።

እኔስ ምን አደረግሁ? አርባ ዓመት ተማሪ ስቆጥር የኖርሁ ሰው ነኝና ቆጠርኋቸው። ሦስት እሑድ ከበሩ ውስጥ ቆሜ፣ ሲጠራሩና ሲጫወቱ እየሰማሁ፣ ስማቸውን ከነሥራቸው መዘገብሁ። አርባ ሦስት ነበሩ። ዝርዝሩን «ሥርዓት ፈረሰ፤ ከበር ውጭ ጉባኤ ተተከለ» ከሚል ደብዳቤ ጋር አያይዤ ለበላይ ላክሁ። «ምእመናን» ብዬ ፈረምሁ። ቤተ ክርስቲያንን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። እውነት እላችኋለሁ፣ መስሎኝ ነበር።

አባ ተዛወሩ። በመጀመሪያው እሑድ ልጆቹ መጥተው ድንጋዮቹ ላይ ጠበቁ። ማንም አልወጣላቸውም። በሁለተኛው ግማሾቹ መጡ። በአምስተኛው ድንጋዮቹ ብቻ ቀሩ። በዚያ ሳልፍ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞር ነበር። ባዶ ድንጋይ ሰው ያያል? እኔን ያዩኝ ነበር። ዛሬም ያዩኛል።

አባ ከዓመት በኋላ ሲመለሱ በቀጥታ ቤቴ መጡ። ከቀሚሳቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። ሲያዛውሯቸው የሰጧቸው የእኔ ዝርዝር ነበር፤ በእኔ እጅ ጽሑፍ።

«መምህር፣» አሉኝ፣ «ይህን የጻፈው ሰው ጠንቃቃ ነው። አንድ ስም አልዘለለም። ልጆቹን ስንፈልግ የሚያግዘን ይመስልዎታል?»

ያውቁ ነበር። ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር።

«ያግዛል፣ አባ» አልሁ። ጋቢዬን ደርቤ ተነሣሁ።

ሁለት ዓመት አብረን ዞርን። የፋብሪካ በር፣ የተማሪ ማደሪያ፣ የዓሣ ገበያ። አንዳንዱ ሌላ የጸሎት ቤት አግኝቷል፤ አንዳንዱ የትም የለም። አባ አንድም ልጅ አልገሠጹም። «ጠብቃችሁኝ ሳልመጣ ቀረሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» ይሉ ነበር። የተባረሩት ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ ያባረርኋቸው እኔ ቆሜ አዳምጣለሁ።

ሃያ ሰባተኛዋ ወለላ ነበረች። ሐሙሲት ከተማ ሻይ ቤት ከፍታ አገኘናት። ወረቀቱን አይታ «አባ፣ ስሜን ማን ነው የጻፈው?» አለች። አባ ወደ እኔ ዞረው ጠበቁ። አውቶቡስ መጣ፣ ተሳፋሪ ወረደ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ። አሁንም ጠበቁ። እኔ ብርጭቆዬን አየሁ። በመጨረሻ «ስምሽን ያልረሳ ሰው ነው፣ ልጄ» አሏት።

ይህ የሆነው የዛሬ ዐሥራ ሁለት ቀን ነው። ሌላ ቀን የምናገር መስሎኝ ነበር።

ወለላ፣ እዚያ ከሴቶቹ መካከል አይቼሻለሁ። የጻፍሁት እኔ ነኝ። ስምሽን ያስቀመጥሁት እንደ ክስ ነው።

አባቶቼ ካህናት፣ ዐሥራ ስድስት ስም ቀርቷል። እኔ እግሬ እስካለ እፈልጋቸዋለሁ። ግን ሲመጡ ማን ይቀበላቸዋል? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእናንተ አንዱ በበሩ ይውጣ። ደብዳቤ የሚጽፍ ካለም ስሙን ጽፎ ይፈርም።

አባ ጥዑመ ልሳን፣ በየእሑዱ መስቀልዎን ስሳለም ትንሽ ይዘገዩልኝ ነበር፤ እንድናገር ብለው። ይኸው ተናገርሁ። አፈር ሊለብሱ ሲሉ፣ መልስ በማይሰጡበት ሰዓት። ደህና ይሁኑ፣ አባቴ።

ይፍቱኝ።

ይፍቱኝ፣ አባ።