የሰብለ መሶብ ክዳን

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ ስፌት የሴት ነበር። ወንድ ልጅ ወስፌ ይዞ ሣር ሲሰፋ ቢታይ ሰፈሩ ስም ያወጣለታል። እኔ ደግሞ አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ብሎን ሳጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ታዲያ ወገቤ እምቢ ብሎኝ ቤት ስውል ምን ልሥራ? መነጫነጭ ብቻ። ሻዩ ቀጠነ፣ ሬዲዮኑ ጮኸ፣ በደጅ የሚያልፈው ሚኒባስ ፍሬኑ ተበላ። ባለቤቴ አስካለ «አንተ ሰውዬ፣ ቤት መዋል ከጀመርክ ወዲህ ቤቱ ጠበበኝ» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው።

ታዲያ የመጨረሻ ልጃችን ሰብለ ልታገባ ሆነ። አስካለ ለሁለቱ ትልልቆቹ በእጇ ሰፍታ ነው መሶብ የሰጠቻቸው፣ እናቷም ለእሷ እንደዚያው። የሰብለን መቆሚያውንም ገበታውንም ጨርሳ ክዳኑን እንደ ጀመረች ዓይኗን ሞራ ጋረዳት። ሐኪሙ ቀጠሮ የሰጣት ደግሞ ከሠርጉ በኋላ። ሰብለ ክዳኑን ከገበያ እንገዛለን፣ ምን ችግር አለው አለች።  በኋላ ጓዳ ስገባ አስካለ ያን ጅምር ክዳን ጭኗ ላይ አድርጋ በጣቷ እየዳበሰች ታለቅሳለች። አንጀቴን በላችው። እና «እስቲ አምጪው፣ አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ ልስፋ» አልኳት።

«አንተ?» ብላ ሳቀች፣ እንባዋን ሳትጠርግ።

እና ጀመርን። በር ዘግተን፣ መጋረጃ ጋርደን፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ክዳኑን አልጋ ሥር እየከተትኩ። ሰው እንዳይሰማ ብዬ ለምኛታለሁ። ሣሩን በውኃ ነክሮ ማለስለስ፣ ከዚያ እየጠመጠሙ በወስፌ መውጋት፣ መሳብ፣ እንደገና መውጋት። እጄ ግን የሚያውቀው ማጥበቅ ብቻ ነው፤ ብሎን ካልጠበቀ ይወልቃላ። እኔ ስቤ ስቤ ሳጠብቀው ክዳኑ ወደ ውስጥ ተሰበሰበ፣ ተሰበሰበና ገበታው ላይ ብንገጥመው የሕፃን ቆብ ሆኖ ቁጭ። አስካለ ዳሰሰችውና «ታደሰ፣ ይሄ መኪና አይደለም። ፍታው» አለችኝ። የሁለት ሳምንት ሥራ እኮ ነው፣ ትሰማላችሁ? ተናድጄ ወርውሬው ወጣሁ። እስከ ዋናው መንገድ ሄጄ ተመለስኩ፣ እና ቁጭ ብዬ ፈታሁት።

ከዚያ ወዲህ እጄ ላላ፣ እጄ ሲላላ አፌም አብሮ ላላ መሰለኝ። ሦስት ልጅ ወልደን፣ አብረን አርጅተን፣ እንደዚያ ተጫውተን አናውቅም። እሷ እናቷ ስታስተምራት እንዴት እንደምትቆነጥጣት ታወራኛለች፣ እኔ እሰፋለሁ፣ እና ሳናውቀው የምሳ ሰዓት ያልፋል። ሻዩ ቀጠነ ያልኩበትን ቀን አላስታውስም። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

ክዳኑ ደረሰ። ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ድንኳን ተጥሎ ሴቶቹ የሙሽራዋን ዕቃ ሊያዩ መጡ፣ እኔና የጋራዥ ጓደኛዬ መኮንን ጥግ ላይ ተቀምጠናል። እትዬ ዘነቡ የሰፈራችን የስፌት ዳኛ ማለት ናቸው፣ ታዲያ መሶቡን አዟዙረው አዩና በዚህ ዓይንሽ እንዴት ጨረስሽው፣ እጅሽ ይባረክ አሏት። አስካለ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ክዳኑ የኔ አይደለም እትዬ። ታደሰ ነው የሰፋው።»

ሳቁ ለጉድ ነው። መኮንንማ ጉልበቴን እየመታ «ታዴ፣ ወስፌ?» ይለኛል። መግቢያ ጠፋኝ። እትዬ ዘነቡ ግን አልሳቁም። ክዳኑን አንስተው ገለበጡት። ስፌት የሚያውቅ ሰው የሚያየው ውስጡን ነው፣ የሣሩ ጫፍ የሚደበቀው እዚያ ነዋ። ዙሪያውን በጣታቸው ሄዱበትና «የቸኮለ ሰው እጅ አይደለም» አሉ። ክዳኑንም መልሰው ገጠሙት።

ልጆች፣ ስንት መኪና ጠግኜ አስረክቤያለሁ፣ የሠራሁትን ገልብጦ ያየልኝ ሰው ግን አልነበረም። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ እዚያው ድንኳን ውስጥ፣ መኮንን አጠገቤ እየሳቀ።

አሁን ውጪ፣ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምሰፋው፣ የሚስቅ ይሳቅ። የአስካለም ዓይን ዳነላት፣ እና ጎን ለጎን እንሰፋለን። መኮንን በየቀኑ ይመጣል፣ ዝም ብሎ እጄን ሲያይ ይውላል። ትናንት ግራ ቀኝ ገላመጠና፣ ሰው አለመኖሩን አይቶ፣ «እስቲ አንዴ ልያዘው» አለኝ። ሰጠሁት። ወስፌውን እንደ ካቻቢቴ ጨብጦ ሊያዞረው ነው እኮ፣ ሃሃሃ!