በቀይ እስክሪብቶ የተሰጠ ስልሳ አራት

— ሄሎ? … አዎ፣ ኮሪን ነኝ። … ዶይል? አንተ ነህ እንዴ? አሰልጣኝ በጠዋት የደወለው በደህና ነው? … አይ፣ በደህና አይደለም። አንተ አብረን ስንማርም ክፉ ወሬ ስትይዝ ነበር ጉሮሮህን የምትጠርገው።

— ፐርልዬ፣ አንቺ ንባብሽን ቀጥይ። በልብሽ አንብቢ፣ እማማ ስልክ ላይ ናት።

— ይቅርታ፣ ትንሿ ናት። ልጆቼን የማስተምርበት ክፍል ወጥ ቤቱ አይደል፣ ስልኩም ጥቁር ሰሌዳውም እዚሁ ነው። … ትልቋ፣ ዴላማ፣ ውጭ ናት። ያ ዱም፣ ዱም የሚለው አይሰማህም? ኳሷን ከበረቱ ግድግዳ ጋር እያላተመች ነው። የአርቡ ጨዋታ እንቅልፍ ነስቷታል፣ እኛንም አስተኝታን አታውቅ። አማቴ እንኳ ከአማሪሎ ከተማ ድረስ ነድታ ልትመጣ ነው፣ በዚያ እድሜዋ። …

— የምን ወረቀት? … እ፣ የውጤቱ። አዎ፣ ሰኞ እኔው ነኝ ለትምህርት ቤቱ ቢሮ የሰጠሁት። ቤት የሚማሩት በየስድስት ሳምንቱ ውጤት ካላስገቡ ከቡድናችሁ ጋር አይጫወቱም አላላችሁም? … አዎ፣ አልጀብራ ስልሳ አራት። ፊርማውም የኔ ነው። ምነው፣ ጽሑፌ አልተነበበም? …

— ሄሎ? ዶይል፣ ትሰማኛለህ? … መስመሩ ይቆራረጣል።

— ማለፊያው ሰባ መሆኑንማ አውቃለሁ። ምዕራፍ ዘጠኝን አልጨረሰችማ! ከልምምድ ስትመለስ እርሳሷን እንደያዘች እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው እንቅልፍ የሚጥላት። ታዲያ ስንት ልስጣት? ላልሠራችው ሰማንያ? ትንሽ ትደንግጥና ቁጭ ብላ ትጨርሰው ብዬ ነው። …

— ስንት? … ሦስት ሳምንት ትታገዳለች? … ቆይ፣ ቆይ። በዝግታ ንገረኝ። አርብን አትጫወትም ነው የምትለኝ? …

— ዶይል፣ የመጨረሻ ዓመቷ እኮ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ምን ጨዋታ ይቀራል? … ምንም። አየህ፣ ምንም።

— ደንቡ የወረቀቱ ጀርባ ላይ ተጽፏል? … አላነበብኩትም። ፊቱን ሞላሁ፣ ፈረምኩ፣ ሰጠሁ። ፋይል ውስጥ ገብቶ የሚቀር መስሎኝ። …

— ስማኝ። አስተማሪዋ እኔ አይደለሁ? አሁኑኑ ልምጣና ልለውጠው። ሰባ ብዬ ልጻፍ። ለስድስት ነጥብ ሲባል … እ? … ከገባ በኋላ ከተለወጠ? ያሸነፋችሁት ሁሉ ይሰረዛል? … የሁሉም ልጆች? …

— አይ። አይሆንም። በእኔ ጥፋት አስር የሌላ ሰው ልጆች … እርሳው። እንዳልሰማኸኝ ቁጠረው። አፌ ነው ያመለጠኝ።

— ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ግን ታውቃለህ? ያን ቀን የትምህርት ቤቱ ስብሰባ ላይ አንተም ነበርክ። ቤት የሚማሩት ከትምህርት ቤቱ ልጆች ጋር ይጫወቱ፣ አይጫወቱ ተብሎ ሰው ሲነታረክ፣ ያቺ ከኋላ የተቀመጠችው ሴትዮ ምን አለች? እናት ለልጇ የምትሰጠውን ውጤት ማን ያምናል፣ አላለችም? አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። እኔም ተነስቼ፣ ከእናንተ አስተማሪዎች አብልጬ ነው የማጠብቅባት አልኩ። ዴላ አጠገቤ ነበረች። በሐፍረት የምትሞት መስሎኝ ዞር ብዬ ሳያት ትስቃለች። ኮርታብኝ። …

— ሁለት ዓመት ደጅ ጠንተን ያስገባናትን ልጅ እኔ አስወጣኋት፣ ዶይል። ያቺ ሴትዮ ያልቻለችውን እኔ በቀይ እስክሪብቶ ቻልኩት። …

— አታጽናናኝ። እባክህ፣ አሁን አታጽናናኝ።

— … ማሊያ ሳትለብስ ከእናንተ ጋር ትቀመጥ? እጠይቃታለሁ። እሺ ትል እንደሆነ አላውቅም። … አይ፣ አንተ አትንገራት። … አይሆንም አልኩህ። የሰጠኋት እኔ፣ የምነግራትም እኔ።

— ፐርልዬ፣ ምን ሆንሽ? ምንም አልሆንኩም፣ የኔ ቆንጆ። ዓይኔን ነው። ነይ እዚህ፣ እቅፌ ውስጥ ሆነሽ አንብቢ።

— … ዶይል። ድምፁ ቆመ። ኳሱ። … እየመጣች ነው። ምን ብዬ ነው የምጀምረው? … በል ንገረኝ እንጂ።

— ግቢ፣ ልጄ። … አዎ፣ አሰልጣኝሽ ነው። … ስለ አርብ ነው። ቆይ፣ እነግርሻለሁ። … እሱ ምንድን ነው? … መቼ ጨረስሽው? …

— ሄሎ … አለሁ፣ አልዘጋሁትም። ደብተሯን ይዛ መጥታለች። ምዕራፍ ዘጠኝን። ሰሞኑን ጎህ ሳይቀድ እየተነሳች ስትሠራው ነበር ለካ፣ እኔ ኳሱን ብቻ ነው የሰማሁት። አርሚልኝ፣ አርብ ያለ ምንም እዳ ልግባ ትለኛለች። …

— እያየሁት ነው። … ሁለተኛውንም ገጽ። … አንድም ስህተት የለውም፣ ዶይል። አንድም።

— … አዎ። … አዎ፣ ልዝጋው። ልጄ ቆማ ውጤቷን እየጠበቀች ነው።