ማንም ሊጽፈው ያልደፈረው ቃል

በእኛ ጊዜ ጅብ ሲጮህ በር ይዘጋ ነበር እንጂ ስብሰባ አይበተንም ነበር። ስልክሽን እዚያ አስቀምጪውና ስሚኝ፣ የምትቀጂም ከሆነ ቅጂ፣ የምደብቀው ነገር የለኝም። ታዲያ ይኼ የምነግርሽ የድሮ ወሬ እንዳይመስልሽ፣ አምና ክረምት ነው፣ እዚሁ ከቀበና ሽቅብ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ሰፈራችን፣ እኔ የእድሩ ሰብሳቢ ሆኜ።

ወርቄን ታውቂያታለሽ፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ባሕር ዛፉ ጥግ ያለችውን። ቤተ እስራኤል ናት፣ እናቷም አያቷም እዚያው ሸክላ ሲሠሩ የኖሩ። ቅዳሜ ከቤቷ ጭስ አይወጣም። ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ጭስ በጭስ ሲሆን የሷ ጣሪያ ብቻ ጭር ይላል፣ እና ሰው ያን ጣሪያ ያያል፣ አይቶም ዝም ብሎ ያልፋል። ድስቷን ይገዛል፣ ወጥ ይሠራበታል፣ እሷ ብቅ ስትል ግን ይከድነዋል። ገባሽ? በገዛ እጇ የሠራችውን ድስት ከራሷ ዓይን ይከድነዋል።

ታዲያ የሽብሬ ልጅ ታመመ። ሽብሬ ከወርቄ በታች ያለችው ናት፣ ጉልት የምትቸረችረው። ልጁን አተኮሰው፣ ይቃዥ ጀመር፣ እና ሽብሬ "በልታብኛለች" አለች። ማን እንደበላችባት አልተናገረችም፣ በአገጯ ብቻ ወደ ላይ ጠቆመች፣ አለቀ። በማግሥቱ የወርቄ ቆርቆሮ በር ላይ በኖራ ጅብ ተስሎ አደረ። ልብ በይ፣ ያን ቃል አልጻፉትም፣ አይጻፍማ። እንዲያ ያለውን ሰው ፊት ለፊት ከጠሩት ይጠናወታል ይባላላ። ስልክ ላይ ደግሞ ስሙን የደበቀ አንድ ሰው "አይሁዶቹ ከሰፈራችን ይውጡልን፣ ጌታ የተሰቀለበትን ምስማር የቀጠቀጡት የእነሱ ዘሮች ናቸው" ብሎ ለቀቀ፣ ሳይነጋም አጠፋው፣ እና ምሽት ምሽት ወርዋሪው ሳይታይ የወርቄ ጣሪያ ላይ ድንጋይ ይዘንብ ጀመር።

መጣችና "ጋሽ ተሰማ" አለችኝ፣ "ዛሬ ጣሪያዬን ነው፣ ነገ ራሴን ነው። እድሩ የሚለው ነገር ከሌለ ጥዬ እሄዳለሁ።"

"ወዴት ትሄጃለሽ?"

"እሱንማ አላውቅም" አለች።

እና ፖሊስ ጣቢያ ልንከስ ሄድን። የተቀበለን ልጅ ክፉ አልነበረም፣ ወንበር ሰጣት። "ምን ብለው ሰደቧት?" አለ። ምስክር ብዬ የወሰድኩት ደጉን ነው፣ የእድራችንን ጸሐፊ። "ያን ነገር አሏት" አለ ደጉ።

"የትኛውን ነገር?"

"ያው... እንትኑን።"

"አባቴ፣ እንትን ተብሎ ክስ አይከፈትም። ሕጉ የሚለው የጥላቻ ንግግር ነው። ንግግሩ የታለ?"

ደጉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ብሆን፣ ልንገርሽ፣ ከንፈሬ አልታዘዝ አለኝ። ተመለስን።

ታዲያ እኛው ሕግ እናውጣ አልኩ። እድር ከመንግሥት ያነሰ እንዳይመስልሽ፣ ቀብር በእጁ ነው። ሰዉን ሰበሰብኩት፣ ከወረዳም አንድ ወጣት ሹም ላኩልን፣ ዳቦና ሻይ ቀረበ፣ ወርቄ ከኋላ ተቀመጠች። እና አንድም ሰው ዳቦውን አልነካም። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ዳቦው ደረቀ። ሹሙ ተነሥቶ "ክቡራን ነዋሪዎች፣ መንግሥት በዘርም ሆነ በሃይማኖት ላይ የተመሠረተ ማንኛውንም ጥላቻ አይታገሥም" ይላል፣ አነጋገሩ ያማረ ነው፣ እጁ ግን ቀስ ብሎ ዳቦውን በወረቀቱ ሲከድን አየሁት።

"ደጉ፣ ጻፍ" አልኩ። "ማንም የእድራችን አባል ጎረቤቱን እንዲህ ብሎ ቢጠራ፣ ሐዘን ሲደርስበት እድሩ ድንኳን አይተክልለትም።"

"ጋሼ፣ ምን ብሎ?" አለ ደጉ፣ እስክሪብቶው አየር ላይ እንደቆመ።

ቤቱን አየሁት፣ ቤቱ መሬት መሬቱን አየ። "ክፉ ቃል በሉት" አለ አንዱ። "ክፉ ቃልማ እኔም ለሚስቴ እናገራለሁ፣ ድንኳን ልነፈግ ነው?" አለ ሌላው፣ እና ማንም አልሳቀም። ሹሙን "አንተ በል እንጂ፣ የተማርክ ነህ" አልኩት። "እኔ እንኳን... ከአጠቃላይ መርሁ አንጻር..." ብሎ ውሃ ጠጣ። ያኔ ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ በመስኮት ይገባል፣ መብራቱም ድርግም አለ፣ እና ፊት ለፊቴ የተቀመጠውን ሰው መልክ መለየት አቃተኝ። የማን ትንፋሽ እንደሆነ አላውቅም፣ ይሰማኛል። ታዲያ ከኋላ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ።

"ቡዳ።"

ማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም።

"ቡዳ ብለህ ጻፍ፣ ደጉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተሸክሜዋለሁ፣ አንተ አንዴ ብትጽፈው አይገድልህም።"

እናልሽ፣ ይኼን ተናግራ ሳትጨርስ ከባሕር ዛፉ ውስጥ ጅብ ጮኸ። እኔ ምንም አልልም፣ ጅብ ሲመሽ ይጮኻል። ሰዉ ግን ወንበር እየገለበጠ ወጣ፣ ሹሙም ወጣ። ደጉ ብቻ ቀረና ጻፈው። በማግሥቱ ያልፈረመ ድንኳን የለውም ስላቸው ሁሉም እየመጣ ፈረመ። ሰው ከሞት ይልቅ ድንኳን ሳይተከልለት መቅረትን ይፈራላ።

ድንጋዩ ቆመ። ጅቡም ከበሩ ላይ ታጠበ። ሕጉ ሠራ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። የሽብሬም ልጅ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ታይፎይድ ነው ተባለ፣ መድኃኒቱን ወስዶ ተነሣ። እና ሽብሬን መንገድ ላይ አግኝቼ "አየሽ?" አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "አየሁ እንጂ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሕጉን ፈርታ ለቀቀችው።"

ልጄ፣ ለወርቄ መከታ ያልነው ሕግ ምስክር ሆነባት። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ አፉን ዘጋ። ስድብ የለም፣ ድንጋይ የለም። በደጇ ሲያልፉ ግን ወሬያቸውን ያቆማሉ፣ ሕፃናቱ እንኳ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ስድቡ ሳይሻል አይቀርም ነበር፣ ቢያንስ የሰው ድምፅ ነው።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ወርቄ ቤት ሄድኩ። ዓርብ የጋገረችውን ዳቦ አቀረበችልኝ። ቆርሼ ቀና ስል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

"ምን ሆንሽ?"

"ይብሉ ጋሽ ተሰማ፣ እኔ አላይም።"

"ማን አትይ አለሽ?"

"እናቴ። ሰው ሲበላ ግድግዳ እያየሽ ቆዪ ብላ ነው ያሳደገችኝ።"

"ዙሪ" አልኳት።

"ይኼም ሕጉ ላይ አለ?"

"የለም። ዙሪ።"

ዞረች። አየችኝ። ዓይኗ የማንም አሮጊት ዓይን ነው፣ ትንሽ ሞራ ያለበት። እና ቁራሹ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ሕግ አውጪው እኔ፣ በሰዉ ላይ ስቆጣ የከረምኩት እኔ፣ አልወርድ አለኝ። እሷ ዓይኗን አልነቀለችም፣ እኔም አልተፋሁም። በመጨረሻ ዋጥኩት።

ማታ ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ። አያትሽ "የት በልተህ ነው?" አለች። ብነግራት ያን ቃል ትናገራለች፣ ከተናገረች ደግሞ በገዛ ባሏ ሕግ ድንኳን ልትነፈግ ነው። ሃ ሃ ሃ።

"አባባ፣ ግን ቁርጠቱ ከምን ነበር?"

ከዳቦው ብዛት ነዋ።

"እርግጠኛ ነዎት?"

አይደለሁም። ለዚህ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ የምሄደው።