የታጠበው ሞተር

ልብስ ሰፊው ክርና ቁልፍ ገዝቶ ሲመለስ፣ በጎረቤቱ በጡረተኛው የእርሻ ባለሙያ ደጃፍ ከቆመው አሮጌ መኪና ሥር ሁለት እግሮች ወጥተው አየ። መጀመሪያ ደነገጠ። ቀረብ ሲል ግን የሱሪውን ጫፍ አወቀው፤ በገዛ እጁ የሰፋው ነበር። እግሮቹ የእህቱ ልጅ እግሮች ናቸው።

"አንቺ ልጅ! እዚያ ሥር ምን ጥሎብሽ ነው?"

"ዝገት እየፈለግሁ ነው፣ አባባ" አለ ከመኪናው ሆድ ሥር የመጣው ድምፅ። "እስካሁን ብዙም አላገኘሁም። ደስ ይበልዎት።"

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ግን ደስ አላለውም። ልጅቷ አዋላጅ ነርስ ናት። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ከወንዝ ማዶ ነው፤ ወንዙ ድልድይ የለውም፣ መንገዱም ከከተማው እንደወጣ ድንጋይና ጭቃ ይሆናል። ዝናብ ሲጥል ሚኒባሶቹ "አንሄድም" ብለው ይቆማሉ። ባለፈው ዝናብ ደጋግማ ስለቀረች ኃላፊዋ አስጠርቷት፣ "በየቀኑ የምትደርሺበትን ዘዴ ካልፈጠርሽ፣ መኖሪያ ቤት ወዳለው ሩቅ ጣቢያ ትዛወሪያለሽ" ብሏታል። ልብስ ሰፊው ይህን ሲሰማ ሆዱ ባባ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው። ሌላ ልጅ የለው፣ ሚስት የለው፤ እሷ ከሄደች ያ ቤት ባዶ ነው። ስለዚህ መኪና መግዛቷን አልጠላም። የጠላው ይህንን መኪና ነው።

"ልጄ፣ ያጠራቀምሽው ሁሉ ተሟጦ የሚሄደው ለዚህ ነው? ከሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የተነዳ መኪና! ሰው ቢሆን እኮ ጡረታ ወጥቶ ነበር።"

"ባለቤቱም ጡረታ ወጥተዋል፤ አካሄዳቸው ግን ከወጣት ይበልጣል" አለች አቧራዋን እያራገፈች።

"አትቀልጂብኝ። ገበያው ዳር የምትሸጠው ቀይዋ ትንሽ መኪና ምን አላት? እንደ መስተዋት ታበራለች።"

"ታበራለች፣ አባባ። ሆዷ ግን መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ወንዙ መሀል ድንጋይ ላይ ተንጠልጥላ ብትቀር ማብራቷ ምን ይሠራልኛል? ይህኛው ከፍ ያለ ነው። አራቱም ጎማ ይነዳል፤ ሁለቱን ጭቃ ቢይዛቸው ሁለቱ ያወጡታል።"

"እርጅናውስ?"

"እርጅናውን አልክድም። ነዳጅ ይጠጣል። ለጥገናም ከደመወዜ ላይ በየወሩ ማስቀመጥ አለብኝ። ግን መኪና የሚያረጀው በሄደበት ርቀት ብቻ አይደለም፣ በአያያዙም ነው። ጋሼ ዘይቱን ሳይቀይሩ አንድ ወቅት እንዳላሳለፉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የማላውቀው ሰው ጥቂት ነድቶ ካበላሸው ይልቅ፣ የማውቀው ሰው ብዙ ነድቶ የጠበቀው ይሻለኛል። ለማንኛውም ነገ ጧት መካኒክ ይዤ እመጣለሁ።"

ሽማግሌው ክው አለ።

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ማስረዳት ይገባል። በዚያ ሰፈር ከማያውቁት ሰው ዕቃ ሲገዛ ይገለበጣል፣ ይነካካል፣ ይንኳኳል። ከጎረቤት ሲገዛ ግን ዐይንን ጨፍኖ መቀበል የጨዋ ወግ ነበር። ስንቱ በዚህ ወግ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የሚወላገድ አልጋ ገዝቶ፣ ነውር እንዳይሆንበት አፉን ይዞ ኖሯል! ከዚያ በኋላ ሻጩን መንገድ ላይ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ይህን ነው እንግዲህ ጨዋነት የሚሉት።

"መካኒክ?" አለ ልብስ ሰፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግቢው ውስጥ እንዳይሰማ። "እናትሽን ስንቀብር ከጎኔ ያልተለየ ሰው ነው! ፊቱ ቆመሽ 'አላምንህም' ልትዪው ነው?"

"'አላምንዎትም' አልልም፣ አባባ። መኪናው ሆድ ውስጥ ያለውን እሳቸውም እኔም አናይም፤ የሚያይ ሰው ይይልን ነው የምለው።"

"ለሰሚው ያው ነው!" አለና ጥሏት ገባ።

በማግስቱ ጧት ግን ልጅቷን ብቻዋን መላክ አልሆነለትም። ሦስቱም፣ እሱ፣ እሷና ድምፁ ከመንደር መንደር የሚሰማው መካኒክ፣ ወደ ጎረቤት ግቢ ገቡ። የእርሻ ባለሙያው ፈገግ ብሎ ጠበቃቸው። መኪናው ተወልውሎ ያብረቀርቃል፣ ኮፈኑ ተከፍቷል፣ ሞተሩ ከላይ እስከ ታች ታጥቦ ገና ውኃ ያንጠባጥባል፤ ተነሥቶም እየሠራ ነው።

"ለእንግዳ የቆሸሸ ነገር አይቀርብም ብዬ ሆዱን ሳይቀር አሳጠብሁት" አለ። "በብርድ እንዳትጉላሉም ቀደም ብዬ አሞቅሁላችሁ።"

መካኒኩ ጭንቅላቱን ያዘ። "ጋሼ! ጉድ ሠሩን እኮ!"

ልጅቷ ፈጠን ብላ ገባችበት። "ጋሼ፣ ስለ አክብሮትዎ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ዘይት የሚያፈስ ቦታ ካለ ምልክቱ ታጥቦ ሄዷል። የሞቀ ሞተር ደግሞ ለማንም ይነሣል፤ ሕመሙን የሚናገረው ሲቀዘቅዝ ነው። ካላስቸገርሁዎት ጥቂት ቀን እንደ ልማድዎ ይንዱት። ከዚያ ሳይታጠብና ሳይሞቅ እንየው።"

የእርሻ ባለሙያው ፊቱ ዳመነ። "እሺ" አለና ሞተሩን አጠፋ። ልብስ ሰፊው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ቤት እንደገቡ ቱግ አለ።

"አዋረድሽኝ! ሰውየው ለክብራችን ብሎ ያጠበውን 'ለምን አጠብህ' ይባላል?"

"አባባ፣ ልጠይቅዎት። ሰው አሮጌ ኮት አስተካክልልኝ ብሎ ሲያመጣ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?"

"ምን አደርጋለሁ፤ እገለብጠዋለሁ።"

"ለምን? ባለ ኮቱን ስለማያምኑት?"

"ምን ሲደረግ! ገበሩ ካለቀ፣ ስፌቱ ከላላ እሱ በምን ያውቃል? እሱ የሚለብሰው ከላይ ነው..."

መቀሱን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው። ሆኖም አፉ "ኮትና መኪና አንድ አይደለም" አለ፤ እልህ እንዲህ ነው፣ ልብ ከተረታ በኋላ አፍ ጥቂት ይቆያል። በእነዚያ ቀናት በጎረቤቱ ደጅ ላለማለፍ ሲል ወደ ሱቅ የሚሄደው በዙሪያ መንገድ ነበር።

ቀኑ ደርሶ ተመልሰው ሲሄዱ መኪናው ጭቃ በጭቃ ነው። የእርሻ ባለሙያው ሰላምታ ሰጣቸው፤ ወንበር ግን አላቀረበም። ሞተሩ ቀዝቅዞ እንዳደረ ተነሣ፤ ጥቂት ጭስ ተፋ፣ ወዲያው ጠራ። ከሥሩ ትንሽ ዘይት እንደ ላብ ወጥቶ ነበር። "ይኼ ጉንፋን ነው፣ አይገድልም!" ብሎ መካኒኩ ጮኸ። ሻንሲውን፣ የመኪናውን የብረት አጥንት፣ ከዳር እስከ ዳር በመዶሻ አንኳኳ፤ ጤነኛ ነው። ካምቢዮውም ማርሽ ሲቀየር በየተራ እሺ አለ። ልብስ ሰፊው መተንፈስ ጀመረ። መካኒኩ ወደ ኋላ ጎማ ሲደርስ ግን ተንበርክኮ ጭቃውን በጣቱ ፋቀ፤ ጩኸቱም ወደ ሹክሹክታ ወረደ።

"ጋሼ፣ ጎንበስ ብለው ይዩ።"

ከጭቃው ሥር የፍሬኑ ቧንቧ በዝገት ተበልቶ ሳስቷል። ዙሪያው ያለው ጭቃም በፍሬን ዘይት ርሷል።

"ያን ቀን በውኃ ርሶ ስለነበር ይህን እኔም አልለየውም ነበር" አለ መካኒኩ። "ቁልቁለት ላይ ጠንከር አድርገው ቢረግጡት ይበጠሳል።"

የእርሻ ባለሙያው የመኪናውን ጎን ይዞ ቆመ። "ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጆቼን ጭኜ ቁልቁለቱን ወርጃለሁ" አለ ቀስ ብሎ።

ልብስ ሰፊው "አሁን ጉድ ፈላ፣ ወዳጅነታችን አበቃ" ብሎ ጠበቀ። ሰውየው ግን ዞሮ እላዩ ላይ ተጠመጠመበት።

"ወንድሜ፣ ተቀይሜህ ነበር፤ አልዋሽህም። ሰው እንዴት ጎረቤቱን ያስመረምራል ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ይህን ሳላውቅ ሸጬላችሁ ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆን ኖሮ አንተና እኔ በምን ዐይናችን እንተያይ ነበር?"

ልብስ ሰፊው እንባው ወረደ። ለልጅቷ ይሁን፣ ለወዳጁ ይሁን፣ ወይም በዙሪያ መንገድ ለተጓዘባቸው ቀናት፣ ራሱም አልለየውም። የእርሻ ባለሙያው የፍሬኑን ቧንቧዎች በሙሉ በራሱ ወጪ አስቀየረ፤ "ከዚያ በፊት ቁልፉን አልሰጥም" አለ። መኪናው ከዚያ በኋላ ተሸጠ።

ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊውን ማን ያስቆመው! አንዲት ጎረቤት ከአጎቷ ልጅ የልብስ ስፌት መኪና ልትገዛ ነው ሲባል፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወጥቶ፣ "አስመርምሪ እህቴ!" ይላታል። "ደህና ከሆነ ልብሽ ያርፋል። ጉድለት ካለው ሻጩም ያውቃል፣ አስቀድሞ ይጠግናል፣ ወይም በልኩ ይሸጥልሻል። ዝም ብለሽ ገዝተሽ በኋላ ከምታኮርፊው፣ ዛሬ ፊት ለፊት ጠይቀሽው ነገ አብራችሁ ብትስቁ አይሻልም? ጎረቤትን ማክበር ማለት ይህ ነው።" ትናንት ተቃዋሚ የነበረ ሰው ዛሬ ሲሰብክ ትንሽ ያሰለቻል፤ ቢሆንም እውነቱን ነው።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የወረደ ዕለት ልጅቷ በጧት ወጣች። ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ አንድ እጅጌ ሁለቴ ገልብጦ ሰፋ። ሊመሽ ሲል መኪናው እስከ መስኮቱ ጭቃ ለብሶ ግቢ ገባ።

"መጣሽ?"

"መጣሁ፣ አባባ።"

"ወንዙስ?"

"ሞልቷል። ውኃው ግን ከጎማው ከፍታ አላለፈም። አንዲት እናት ምጥ ጠንቶባት ደረስኩላት፤ ሚኒባስ ብጠብቅ ኖሮ አልደርስም ነበር። ሕፃኑ እሪ ሲል ነው ትቼው የመጣሁት፣ ደህና ነው። ኃላፊዬም የዝውውሩን ነገር ተዪው ብለውኛል።"

ሽማግሌው አንጀቱ ራሰ። ፎጣ አቀበላት። እራታቸውን በሉ። ከዚያ በሩን ቆለፈና፣ "እንግዲህ እንዳሻው ይዝነብ" ብሎ ተኛ።